መሪ ለያዘ ሰው መርዶ አይነገርም

ግልጽ ደብዳቤ
ለባሕር ዳር የትራንስፖርትና የትራፊክ ኃላፊዎች፣ ለባጃጅና ለሚኒባስ ባለንብረቶች፣ ለአሽከርካሪ ማሰልጠኛ ተቋማት፣ እንዲሁም በየቀኑ ከኋላችን ተቀምጣችሁ ለምትሄዱ የከተማችን ሰዎች

ክቡራንና ክቡራት፣

እኔ ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ ሹፌር ነኝ። ስድስት ዓመት ባጃጅ ነድቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ በባሕር ዳር–ጎንደር መስመር አባዱላ ነው የምይዘው። ስለ መንገዱ ጉድጓድና ስለ መለዋወጫ ዋጋ ብዙ ጊዜ ተነግሯችኋል። እኔ የምጽፈው ስለ ሹፌሩ ደረት ነው፤ ሲጨነቅ፣ ሲናደድ፣ ሲያዝን እጁና እግሩ ምን እንደሚሆኑ። ጉዳዩን የምናገረው ከራሴ ጥፋት ተነስቼ ነው።

የዛሬ አምስት ዓመት ገደማ፣ ገና ባጃጅ ላይ ሳለሁ፣ ለቤንዚን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተሰልፌ የቀዳሁት ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ነበር። ግማሹ ቀን ሰልፍ ላይ አለቀ። ለባለንብረቱ የማስገባው ገቢ ግን የሙሉ ቀን ገቢ ነው፤ ማደያው ቢዘገይም አይቀንስም። ወደ 10 ሰዓት ላይ ባለንብረቱ ደወለ። «ትናንትም አጉድለሃል፤ ዛሬ ካልሞላህ ቁልፉን አምጣ» ብሎ ዘጋው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ እህቴ ከዱርቤቴ ደወለች። «እማዬን ትንሽ አሟታል፤ ብትመጣ ጥሩ ነው» አለችኝ።

ይህ ቃል በእኛ አገር ምን እንደሚሸፍን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ስንቱ ሰው ነው «ትንሽ አሞታል፣ ና» ተብሎ ሄዶ ድንኳን ተጥሎ የደረሰው። «እውነቱን ንገሪኝ» ስላት መስመሩ ተቋረጠ። ከኋላዬ ሁለት ተሳፋሪዎች ነበሩ። አንዱ «ወንድሜ ፈጠን በል፣ ረፈደብን» ይለኛል። ከፔዳ ተነስቼ ወደ መሃል ከተማ እየመጣሁ ነበር። አንድ ልጅ በሳይክል ከውስጥ ለውስጥ መንገድ ወጣ። ልጁን አይቼዋለሁ። ሰማያዊ ሹራቡን አይቻለሁ፤ ከኋላ ያሰረውን የደብተር ቦርሳ አይቻለሁ። እግሬ ግን ወደ ፍሬን አልሄደም። ዐይኔ ያየው ነገር አእምሮዬ ጋ ሲደርስ ልጁ አስፋልቱ ላይ ነበር።

ክንዱ ተሰበረ። ዛሬ ደህና ነው፤ ሳይክሉንም መንዳት አልተወም። መዝገቡ ላይ የተጻፈው «ቅድሚያ ባለመስጠት» የሚል ነው። ልክ ነው፣ አልሰጠሁም። ተቀጣሁ፤ ማሳከሚያውን ቻልኩ፤ ሽማግሌ ገብቶ ታረቅን። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይህን ሁሉ የምጽፈው ራሴን ለማንጻት ነው ብሎ የሚያነብ ካለ ተሳስቷል። እኔ ማውራት የፈለግሁት ስለ ልጁ አባት ነው። ሆስፒታሉ በረንዳ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። ይመቱኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ጥቂት ዝም አሉና «ልጄ፣ ምን ሆነህ ነበር?» አሉኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ይህን የጠየቁኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። የሆነውን ነገርኳቸው። እናቴ በእርግጥም ታማ ነበር፤ በሳምንቱ ዳነች።

ከዚያ ወዲህ ሰልፍ ላይ ሆኜም፣ ተራ ስጠብቅም ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን አነባለሁ፤ አንዳንዱን ከሐኪም ጠይቄ ተረድቻለሁ። ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲጨነቅ ሰውነቱ አድሬናሊንና ኮርቲዞል የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጡንቻ ይወጠራል። በሌሊት ጅብ ለመጣበት እረኛ ይህ ነፍስ አድን ነው፤ ወይ ይሮጣል፣ ወይ ዱላውን ያነሳል። ሹፌር ግን የትም አይሮጥም። ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ያ ሁሉ ጉልበት የሚያገኘው መውጫ ቀኝ እግሩንና ክላክሱን ነው።

ሁለተኛው ነገር እይታ ነው። የተጨነቀ ሰው ትኩረቱ ይጠባል። ፊት ለፊት ያለውን፣ የሚያሳድደውን ወይም የሚያሳድዱትን ነገር ብቻ ያያል፤ ከዳር የሚመጣው ይጠፋበታል። ባሕር ዳር ውስጥ ደግሞ አደጋ የሚመጣው ከዳር ነው። ሳይክል ከዳር ይመጣል፤ ጋሪ ከዳር ይመጣል፤ ከትምህርት ቤት የተለቀቀ ልጅ ከቆመ መኪና ኋላ ብቅ ይላል። በሳይክል የምትታወቅ ከተማ ውስጥ ዳሩን የማያይ ሹፌር ምን ያህል እንደሚያስፈራ አስቡት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ በመንገድ አደጋ 1.19 ሚሊዮን ሰው ገደማ ሞቷል፤ ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ሳይክል ነጂዎችና ሞተረኞች ናቸው። ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደል ቀዳሚው ይኸው የመንገድ አደጋ ነው። እኔ የገጨሁት ልጅ ያኔ 12 ዓመቱ ነበር።

ቁጥሩን በእኛው መንገድ ላይ አውርዳችሁ እዩት። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባጃጅ በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል። ሐሳቡ ዱርቤቴ የሆነ ሹፌር ፍሬን ለመያዝ ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ አምስት ሜትር ተኩል ሄዷል፤ የሁለት ባጃጅ ርዝመት ማለት ነው። ከልጁ ጋር የነበረን ርቀት ከዚያ አይበልጥም ነበር። ፎገራ ሜዳ ላይ በ80 የሚሄድ አባዱላ ደግሞ በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል፤ እዚያ ሜዳ ላይ ከብት መንገድ ሲያቋርጥ ያላየ የለም።

በ2016 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካው የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት አለ። ከ3,500 በላይ አሽከርካሪዎች መኪና ውስጥ ካሜራ ተገጥሞ በየዕለቱ ሲነዱ ተቀረጹ። በግልጽ የተናደደ፣ ያዘነ፣ የሚያለቅስ ወይም የተረበሸ ሹፌር አደጋ የማድረስ ዕድሉ ወደ 10 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ጥናት በእጅ የተያዘ ስልክ በጠቅላላው ዕድሉን 3.6 እጥፍ ነበር ያደረሰው። ስልክ ይዞ የነዳን እንቀጣለን፤ ተገቢም ነው። ለተረበሸው ሹፌር ግን ቅጣትም ምክርም እረፍትም የለንም፤ ስሙን እንኳ አላወጣንለትም።

እንቅልፍን ብቻ በአጭሩ ልጨምር። ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው አነዳዱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚሆን ተመራማሪዎች ለክተዋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ለቤንዚን የተነሳ ልጅ 17 ሰዓት የሚሞላው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ሰው ጭኖ ከመሃል ከተማ ወደ ቀበሌ 14 እየሄደ ነው። ጫቱንም የሚቅመው ብዙ ጊዜ ለዚሁ ነው፤ ምርቃናው ሲወርድ የተበደረው እንቅልፍ ሁሉ አንድ ላይ ይመጣበታል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ከባለንብረቶች እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም የአብዛኛው ጭንቀታችን ምንጭ ገቢ ነው።

አንድ ባለንብረት ባጃጅ የገዛው በብድር ሊሆን ይችላል፤ እሱም ባንክ ይጠብቀዋል። አውቃለሁ። ነገር ግን አባቶቻችን መሬት የእኩል ሲሰጡ ያወቁትን እኛ መኪና ላይ ረሳነው። የእኩል የሚያርስና ባለመሬቱ ዝናብ ሲቀር ሁለቱም ያጣሉ፤ ሲዘንብ ሁለቱም ያገኛሉ። ባለመሬቱ ዓመቱ ምንም ይሁን «ይህን ያህል ኩንታል አምጣ» አይልም። የባጃጅ ገቢ ግን እንዲያ ነው። ቤንዚን ቢጠፋም፣ መንገድ ቢዘጋም፣ ዝናብ ሰው ከቤት ቢያስቀርም ያው ነው። የጎደለውን የሚሞላው ሹፌሩ ነው፤ የሚሞላበትም መንገድ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ትርፍ መጫን፣ ወይ መፍጠን። ፍጥነት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ መስመር ያስቀምጠዋል፤ አማካይ ፍጥነት 1 በመቶ ሲጨምር ገዳይ አደጋ የመድረስ ዕድሉ 4 በመቶ ይጨምራል። ቀትር ላይ ከማደያ የወጣ ልጅ የጠዋቱን ገቢ በከሰዓት ለማካካስ የሚጨምራት ፍጥነት ይህች ናት።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህ ነው። የቀን ገቢውን ከዕለቱ ሥራ በድርሻ አድርጉት። ይህ ከከበዳችሁ ቢያንስ ሰልፍ ላይ ለዋለ ቀን ግማሽ ገቢ ይሁን። ዛሬም ከሹፌራቸው ጋር እንዲህ የተስማሙ ባለንብረቶች አሉ፤ የእነሱ ባጃጅ ቶሎ ጋራዥ ሲገባ አላየሁም። ማኅበራቱ ተሰብስበው ቢወስኑበት አንዱ ባለንብረት ከሌላው አንሶ አይታይም። እባካችሁ ደግሞ ስለ ገንዘብ በምሽት፣ መኪናው ሲገባ እንነጋገር። እየነዳሁ ስትደውሉልኝ የምትናገሩት ለእኔ ብቻ አይደለም፤ ከኋላዬ የተቀመጠችውን ነፍሰ ጡርም፣ ከዳር የሚመጣውንም ልጅ ይነካል።

ለትራንስፖርትና ለትራፊክ ኃላፊዎች።

በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ ስናልፍበት ደስ ይለናል፣ ከተማችንን አሳምሯል። ግን ጠባብ መንገድ ላይ ታግሶ የመጣ የተጨነቀ ሹፌር ሰፊ መንገድ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ እኛ እናውቃለን። የጠፋበትን ጊዜ እዚያ ላይ መመለስ ይፈልጋል። መንገድ ስትሠሩ የአስፋልቱን ውፍረት እንደምትለኩ ሁሉ፣ እዚያ መንገድ ላይ የሚደርሰው ሹፌር ስንት ሰዓት ሠርቶ፣ ስንት ሰዓት ተኝቶ እንደመጣም ይታሰብ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመደበኛ ሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ብዙዎቻችን ውል የለንም። ቁልፍ ተቀብለን እንወጣለን፣ ገቢ አስገብተን እንገባለን። ስለዚህ የሥራ ሰዓታችንን የሚቆጥርልን የለም። ለከተማው ባጃጆች እንኳ ቀላል የውል ናሙና አዘጋጅታችሁ የሥራ ሰዓትና የእረፍት ቀን ብታስገቡበት ትልቅ ነገር ነው።

መናኸሪያው ላይ ጥላ ያለው መቀመጫ፣ ውሃና ንጹሕ መጸዳጃ ቢኖር። ይህ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ከጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ነድቶ የመጣ ሰው ጋቢናው ውስጥ መሪ ላይ ተደፍቶ ተኝቶ ስታዩ ስንፍና አይደለም፤ ሌላ ቦታ ስለሌለው ነው። ተራ ጉዳይም አለ። «ዛሬ ልቤ ልክ አይደለም፣ አልነዳም» የሚል ሹፌር ተራው ስለሚያልፈው ዝም ብሎ ይወጣል። ሐዘን ወይም ሕመም ላለበት ተራው ሳይሰረዝ ለሌላ የሚሰጥበት፣ በነጋታው የሚመለስለት ሥርዓት ከተራ አስከባሪዎች ጋር መክራችሁ አድርጉልን። ገንዘብ አይጠይቅም።

ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ ክልላችን ያለበትን ሁኔታ ሁላችንም እንኖረዋለን። ዘንዘልማን አልፎ ወደ ሐሙሲት የሚወርድ ሹፌር ወረታ ላይ መንገዱ ክፍት ይሆን ይሆን፣ አዲስ ዘመን ላይ ያድር ይሆን ወይስ ጎንደር ይደርስ ይሆን እያሰበ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ፊቱን በስፖኪዮ ያነባል፤ እሱ ሲደነግጥ ይደነግጣሉ። ስለዚህ አይደነግጥም፣ ማለትም አያሳይም። ይህን ሁሉ ውጦ ሲመለስ የሚያዋራው የለም። ከትራፊክ ፖሊሶች የምጠይቀው ከዚህ የተነሳ ነው፤ ስታስቆሙን ቅጡን፣ ጥፋት ካለ ቅጣት ይገባናል። በተሳፋሪ ፊት ግን አታዋርዱን። ተሰድቦ ሞተር የሚያስነሳ ሰው ቀጣዮቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች የሚነዳው የመለሰውንና ያልመለሰውን ቃል እያሰላሰለ ነው። ቅጣቱን በጸጥታ ጽፎ «በሰላም ግባ» የሚል ፖሊስ አለ፤ እንዲህ ያለውን ፖሊስ ሹፌር ሁሉ በመልክ ያውቀዋል።

ለማሰልጠኛ ተቋማት የምለው አጭር ነው። እኔ ስሠለጥን ምልክት ተማርኩ፣ ስለ ሞተር ተማርኩ፣ ወደ ኋላ ማቆም ተማርኩ። ስናደድ ምን ላድርግ የሚል ትምህርት አንድ ሰዓት እንኳ አልነበረም። ራሴ ዘግይቼ የተማርኩት ይህን ነው፤ መጥፎ ነገር ስሰማ ፍሬቻ አሳይቼ ዳር እይዛለሁ፣ ሞተር አጠፋለሁ፣ ትንፋሼን ከማስገባት ይልቅ ማስወጣቱን አስረዝማለሁ፣ እጄ መንቀጥቀጡን እስኪተው ከመሪው አነሳዋለሁ። አምስት ደቂቃ አይሞላም። ይህን ለ18 ዓመት ልጅ ማስተማር ከባድ አይደለም።

አሁን ደግሞ ተሳፋሪዎችና የሹፌር ቤተሰቦች።

መርዶ በወግ የሚነገር ነገር ነው። አባቶቻችን ለሰው መርዶ ሲነግሩ ማለዳ ይመርጣሉ፤ ዘመድ ይሰበስባሉ፤ ሰውዬው ቤቱ እስኪገባ፣ እስኪቀመጥ ይጠብቃሉ። መንገደኛን በመንገዱ አያረዱም። ይህን ያደረጉት ድንጋጤ ጉልበት እንደሚነሳ፣ ዐይን እንደሚጋርድ ስለሚያውቁ ነው። ስለ አድሬናሊን አልሰሙም፤ ነገሩን ግን ከእኛ አብልጠው አውቀውታል። ስልክ ሲመጣ ይህ ወግ ፈረሰ። ዛሬ ሰው በ80 እየነዳ ሳለ መሪ እንደያዘ መርዶ ይሰማል። ጠብም፣ የቤት ኪራይም፣ የልጅ ትኩሳትም በዚያችው ስልክ ይመጣል።

ለሹፌር ስትደውሉ የመጀመሪያው ቃላችሁ «እየነዳህ ነው?» ይሁን። «አዎ» ካላችሁ «ስትቆም ደውልልኝ፣ ደህና ነን» ብላችሁ ዝጉ። ከባድ ነገር ከሆነ ለመናኸሪያው ሰዎች ወይም ለጓደኛው ደውላችሁ መኪናውን ካቆመ በኋላ ይንገሩት። እህቴን ዛሬም አልወቅሳትም፤ የደነገጠች ልጅ ነበረች። አሁን ግን ቤተሰቡ በሙሉ ይህን ሕግ ያውቃል፤ የሰባት ዓመቷ ልጄ እንኳ ስትደውል «አባ፣ እየነዳህ ነው?» ነው የምትለኝ። እኔም በበኩሌ ስልኩን ከመንቀሳቀሴ በፊት ለረዳቴ እሰጠዋለሁ።

ተሳፋሪዎች ሆይ፣ «ንዳው እንጂ» የምትለው ቃል ቀላል ትመስላለች። እኔ ግን ስሰማት ከማላውቀው ሰው አልሰማትም፤ ከባለንብረቱ፣ ከማደያው፣ ከቤት ኪራዩ ጋር ተደምራ ነው የምትደርሰኝ። ሹፌራችሁ ፊቱ ጠቁሮ ካያችሁት «ወንድሜ፣ ቀስ በል፣ እንደርሳለን» በሉት። አንድ ጊዜ ከወረታ የጫንኳቸው እናት ሳልናገር መልኬን አይተው «ልጄ፣ ውሃ ጠጣ፣ እኛ አንቸኩልም» አሉኝ። እስከ ጎንደር የነዳሁት በእሳቸው ቃል ነው።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ፣ ይህም ለሚመለከተው ሁሉ ነው። አደጋ ሲደርስ የምትሞሉት ቅጽ ላይ የመኪናውን ፍሬን፣ ጎማ፣ መብራት ትመረምራላችሁ። ሹፌሩም ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነቅቷል፣ ለስንት ሰዓት ሠርቷል፣ በዕለቱ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነበር ወይ፣ ከአደጋው በፊት ስልክ ተደውሎለት ነበር ወይ፣ ሐዘን ወይም ሕመም በቤቱ አለ ወይ ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱም ይጻፍ። ለይቅርታ አይደለም። እንዲህ ተጽፎ ለአንድ ዓመት ቢሰበሰብ የባሕር ዳር አደጋ ከየት እንደሚመጣ በግምት ሳይሆን በእጃችሁ ባለ ወረቀት ታውቃላችሁ፤ ያኔ የሰልፉን ቀን ገቢ ለመወሰንም፣ ማረፊያ ለመሥራትም ማስረጃ አላችሁ። አምስት መስመር ነው። የልጁ አባት በሆስፒታሉ በረንዳ የጠየቁኝን ነው በወረቀት ጠይቁ የምላችሁ።

ለመነጋገር ፈቃደኛ የሆነ ኃላፊ ወይም ባለንብረት ካለ፣ የምናወራው ብዙ ሹፌሮች ነን። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ መናኸሪያው ውስጥ በጎንደር ተራ ላይ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባሕር ዳር ሹፌር